ራሱን የደፋው ቀጤማ

የትናየት ቀጤማ መትከል የጀመረችው ሥራዋን ከተወች በኋላ ነው። ደባርቅ ከተማ ውስጥ ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ ልቧ ግን ከሰሌዳ ፊት ቆሞ መዋሉን እንቢ አላት። በልጅነቷ እየተመላለሰ ያሠቃያት የጉሮሮ ሕመም ሳይታወቅ ልቧ ላይ አርፎ ኖሯል። ጎንደር ያየቻት ሐኪም የልቧ በር በቀዶ ጥገና ካልተስተካከለ ሩቅ እንደማትሄድ ሳትደብቅ ለእሷና ለወላጆቿ ነገረቻቸው። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋም አለው። ወረፋው ደርሶ ስልክ የተደወለ ጊዜ አገሩ ታውኮ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ተራዋ ለሌላ በሽተኛ ተላልፎ፣ እሷ እንደገና ከኋላ ተሰለፈች።

አባቷ ደምለው የስሜን ተራራ ፓርክ ጥበቃ ነው። ከሳንቃ በር ወዲያ፣ ጥቁር ውሃ ከምትባል ትንሽ ኬላ ላይ ጠመንጃውን አንግቶ ገደሉን ሲጠብቅ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ከዚያ ሰንብቶ፣ ተረኛ ሲመጣለት ለጥቂት ቀን ወደ ቤቱ ይወርዳል። ከእሷ በፊት የተወለዱት ልጆች በጨቅላነታቸው ስለቀሩበት፣ እንዲህ ያለች የት ታየች ብሎ ስሟን ያወጣላት ራሱ ነበር።

ከቤታቸው ጓሮ፣ የቧንቧው ውሃ እየፈሰሰ የሚተኛበት አንድ ረግረግ አለ። እናቷ በለጠች ጎመን ብትተክልበት በሰበሰ፤ ድንች ብትሞክርበትም ያው ሆነ፤ ተወችው። የትናየት ቤት በዋለችበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ዳባት ያለችው አክስቷ ለበዓል የሚጎዘጎዝ ቀጤማ ከወንዝ ዳር አሳጭዳ ላከችላቸው። ልጅቱ እስሩን ስትፈታ ከነሥሩ የተነቀለ አንድ ጭብጥ ከመሐል አገኘች። ሊጎዘጎዝ ሲል አነሳችው፤ ወስዳ ረግረጉ ላይ ቀበረችው። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ያን ቀን ፊቷ ላይ የታየውን ብርሃን በለጠች ለጎረቤት አውርታዋለች።

ከዚያ ወዲያ የቀጤማ ዘር ሰብሳቢ ሆነች። ሆቴል ግቢ ለጌጥ የሚተከለውን፣ ቅጠሉ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋውን አስመጣች፤ አናቱን ቆርጣ በውሃ ጣሳ ውስጥ ዘቅዝቃ ብታኖረው ከቅጠሉ መሐል ነጭ ሥር አወጣላት። ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚጎነጉኑትን እንግጫም ተከለች። እንግጫ ግን ሥሩ መሬት ለመሬት እየተሳበ የጎረቤቱን ቦታ ይወርራል፤ ስለዚህ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ለብቻው አኖረችው። በርጩማዋን ረግረጉ ዳር ታስቀምጥና የደረቀውን ቅጠል ከለምለሙ በጣቶቿ ትለያለች፤ የሕፃን ፀጉር የምታበጥር ነው የምትመስለው። አንድ ሥር ቀጤማ ያረጀ እንደሆን መሐሉ ይሞታል፣ ሕይወት ያለው ዳር ዳሩ ነው፤ ክረምት ሲገባ በቢላ ከፍላ ዳሩን ትተክላለች፣ መሐሉን ትጥላለች። ኅዳር ላይ ውርጭ መውደቅ ሲጀምር ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ትሸፍናቸውና ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ትገልጣቸዋለች።

በለጠች መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባትም። "ሰው ከማሳው እየነቀለ የሚጥለውን አንቺ ትተክያለሽ" አለቻት።

"እማዬ፣ ይኼ ደግሞ ቁሞ መዋል አይጠይቀኝም" አለች ልጅቱ።

ደምለው ከተራራ በወረደ ቁጥር ልጁ አጠገቡ ትቀመጥና ያየውን ሁሉ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። ስሜን እግሩ ሥር ተወልዳ ወደ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ልጅ ሳለች ሩቅ ሆኖባት፣ ካደገች ወዲህ ትንፋሽዋ ከልክሏት ቀርቷል። እሱም ስለ ዋሊያው፣ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ስለ ጉሙ ይነግራታል። አንድ ቀን ታዲያ ከኬላው በታች፣ ከገደሉ ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ ዳር ስላለ አንድ ዓይነት ቀጤማ አነሣላት። ቅጠሉ ረጅም ሆኖ እንደ ተበጠረ ፀጉር ወደ ውሃው ይፈስሳል፤ ፍሬው ጥቁር ቡናማ ነው፣ ከቀጭን አገዳ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ይደፋል። ነፋስ ሲመጣ ምንጩ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል አላት።

ያን ቀን ስለ ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ውሃው ውስጥ ነው የቆመ ወይስ ከውሃው ዳር? አፈሩ ጥቁር ነው ወይስ ድንጋያማ? ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? በሚቀጥለው ሲመጣም ከዚያው ጀመረች። አምጣልኝ ግን አንድ ቀን አላለችም፤ ከተራራው ቅጠል መንቀል ክልክል እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ደምለው ራሱ ጓሳ የሚባለውን የተራራ ሣር የሚያጭዱ ድሆችን ማጭድ ሲቀማ ነው የኖረው። እያለቀሱ ሲለምኑት ሕግ ነው እያለ ነበር የሚመልሳቸው።

ሰው ግን ለልጁ ሲሆን ልቡ ሌላ ነው። የዚያን ዓመት መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ የየትናየት እግሮች ያብጡ ጀመር። ደምለው ወደ ኬላው ሲመለስ ዓይኑ ከምንጩ ላይ አልነሣ አለ። አንድ ቀን በቀትር፣ የሥራ ባልደረባው ሻረው ለቅኝት ወደ ማዶ በሄደበት ጊዜ፣ ደምለው በወገቡ ቢላ አንድ ሥር ከነአፈሩ ዙሪያውን ቆርጦ አነሣ። በጋቢው ጠቀለለው። የቀረው ጉድጓድ ትልቅ መሰለው፤ በእግሩ አፈር ገፋ ገፋ አደረገበትና ሄደ።

ለልጁ የነገራት ሌላ ነው። ከዳባት በላይ የአንድ ወዳጁ መሬት ላይ ያገኘው ነው አላት። እሷም አመነችው፤ ዋሽቷት አያውቅምና። ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ ተቀበለችውና ሥሩን አፍንጫዋ ድረስ አምጥታ አሸተተችው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ለየትናየት ከሥራ ከቀረች ጀምሮ ያልታዩ ደህና ሳምንታት ነበሩ። የብርድ አገር ልጅ ነው ብላ ከቧንቧው በቀጥታ አታጠጣውም፤ ውሃውን በባልዲ ደጅ አሳድራ ጠዋት እንደ በረዶ ሲቀዘቅዝ ነው የምታፈስለት። የቀትሩ ፀሐይ እንዳያገኘው አሮጌ ሰሌን አቆመችለት። መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆነ፤ ልጅቱም አብራው ከሳች። በኋላ ከመሐሉ አዲስ ቡቃያ ወጣ። ደምለው ከኬላው ርቆ ኔትወርክ ወደሚገባበት ኮረብታ ወጥቶ በስልክ ሲነገረው፣ እዚያው ቆሞ ብቻውን ሣቀ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ወደ ቤቱ በወረደ ማግስት ሻረው በሽተኛ ሊጠይቅ መጣ። እሱም ተራው ደርሶ ወደ በየዳ፣ ወደ ቤተሰቡ ሊሄድ ደባርቅ ላይ አውቶቡስ እስኪያገኝ ነው። በለጠች አምባሻ ቆርሳ፣ ጠላ ቀዳችለት። የትናየት ጓሮ ስለነበረች በርጩማውን ይዞ ወደዚያው ወጣ። ቀጤማዎቹን እያዞረች አሳየችው። ከሰሌኑ ጥላ ሥር ካለው ሲደርስ ጎንበስ አለና ራሱን የደፋውን ፍሬ በመዳፉ ደገፈው።

"ይኼማ የኛው ምንጭ ሣር አይደለም እንዴ?" አለ፤ ክፋት አልነበረበትም። "እኔ ከዚያ በቀር የትም አይቼው አላውቅ።"

ከዚያ ወሬው ሲመጣለት ቀጠለ። ከምንጩ ዳር አንድ ሰው ነቅሎ መውሰዱን፣ ጉድጓዱ በዝናብ ተንዶ ውሃው መደፍረሱን፣ ኃላፊው ተቆጥቶ ጠብቁ ማለቱን ነገራት። በመጨረሻ ማንጠግቦሽ የሚባሉ አንዲት የጃናሞራ ባልቴት ከምንጩ በላይ ጓሳ ሲያጭዱ ተያዙ። ማጭዳቸውን ተቀሙ፤ ነቃዩም እሳቸው ናቸው ተብሎ ሁለት ሌሊት ኬላው አሳደሯቸው። አህያቸውን ከደጅ አስረውባቸው ስለነበር ጅብ በላባቸው። ሴትዮዋ እኔ አይደለሁም ብለው በኪዳነምሕረት ቢምሉም የሚሰማቸው አላገኙም፤ ጉዳያቸው ገና አላለቀም፣ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል።

ሻረው ይህን ሲናገር ደምለው ከጓሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። እንግዳው ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት አየ፤ ከዚያ ልጅቱን አየ፤ ከዚያ ተክሉን። ጠላውን ሳይጨርስ መኪና ያመልጠኛል ብሎ ተነሣ። ሲወጣ የደምለውን ትከሻ ነካ አደረገ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። የትናየት ሰሌኑን አቃናች። ደምለው እንድትቆጣው፣ እንድትሰድበው ቢሆን በወደደ ነበር።

"አባዬ" አለችው በመጨረሻ፣ "ሴትዮዋ በታሰሩ ጊዜ አንተ ኬላው ነበርህ?"

ነበር። ማጭዱን ከእጃቸው የተቀበለው ሻረው ቢሆንም፣ ሌሊት በብርድ ሲያስሉና ሲያቃስቱ የሰማቸው እሱ ነው። ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ ሲል ነበር የዋለው ያደረው። ይህን ሁሉ ነገራት። ቡቃያው ወጣ ብላ በስልክ የነገረችው ሰሞን እንደነበርም አልደበቃት።

"መልሰህ ትከለው" አለች። "ለኃላፊውም ንገር።"

እሱም እሺ፣ ግን አንቺ ትንሽ ሻል ሲልሽ አላት። አሁን እግርሽ አብጧል፣ ትንፋሽሽም አጥሯል፤ ወረፋውም ሰሞኑን ይደርሳል ተብሏል፣ ያኔ አብሬሽ መሄድ አለብኝ። ሥራዬን ያጣሁ እንደሆን በምን አሳክምሻለሁ? ምክንያቱን ደረደረላት፤ ሁሉም እውነት ነበር።

"የሰው እንባ ያለበትን ነገር እጄ አላጠጣም አለኝ" አለች። "እኔ ሳላጠጣው ደግሞ ይደርቃል። እዚያም የለ፣ እዚህም የለ ሊሆን ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ራሷ ነቀለችው። ደምለው ልንቀልልሽ ቢላት ሥሩን ትበጥሰዋለህ ብላ እምቢ አለች። ዙሪያውን በቢላ እየቆረጠች፣ በየመሐሉ እያረፈች፣ እያለከለከች ከነጓሉ አወጣችው። እርጥብ ጨርቅ ሥሩ ላይ ጠቀለለች። ስትመልሰው ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ አፈሩን በእጅህ ጫን ጫን አድርገው፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ደግፈው እንዳይናድ አለችው። በለጠች ባሏን ወደ ደጅ ጠርታ፣ የልጅቱ ከንፈር ዛሬ መልኩ አላማረኝም፣ እስከ እሑድ ቆይ ብላ ለመነችው። ደምለው ተመልሶ ገባና ለልጁ የእናቷን ቃል ነገራት።

የትናየት ፊቷን አዞረች። "እንግዲያው እኔ ስሞት ትሄዳለህ" አለች።

ሄደ።

ከደባርቅ የሚወጣ መኪና አግኝቶ ሳንቃ በር ወረደና የቀረውን በእግሩ ተጓዘ። ምንጩ ዘንድ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። እንዳለችው አደረገ። ከውሃው ከፍ አድርጎ ተከለው፣ በእጁ ጫን ጫን አደረገው፣ የተናደውን በድንጋይ ካበው። ከዚያ ሽቅብ ወደ ኬላው ወጥቶ ኃላፊውን አገኘውና ቆሞ ሁሉን ነገረው። ኃላፊው ሰምቶ ሲጨርስ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥ ብቻ ነገረው። የማንጠግቦሽ ክስ እንደሚሰረዝ፣ የእሱ ጉዳይ ግን ወደ በላይ እንደሚተላለፍ አከለ። ደምለው ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ ትከሻው ባዶ ሆኖ ቀለለው፤ ቅለቱንም ለልጁ እንዴት እንደሚነግራት ሲያስብ ነበር ከኬላው ጥግ ያደረ። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ ኮረብታውም በጨለማ አይወጣም።

በማግስቱ ወደ ደባርቅ በሚወርድ አይሱዙ ተሳፈረ። ሾፌሩ ስሜነህ የሠፈራቸው ልጅ ነው። ጋቢና አስቀመጠው። ኔትወርክ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ የስሜነህ ስልክ ጮኸ፤ አነሣው፣ እሺ፣ እሺ ብቻ አለና ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውን አጠፋ። ደምለው ስለ ገብሱ አዝመራ ሲያወራለት አጭር አጭር እየመለሰ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ከተማ ሲገቡ መናኸሪያው አጠገብ አውርደኝ ቢለው ስሜነህ አልቆመም፤ እቤት ድረስ አደርስሃለሁ አለው። ጭነት መኪና በዚያ ጠባብ መንገድ ገብቶ አያውቅም። ደምለው ያኔ ወሬውን አቆመ። ስሜነህ መኪናውን አቁሞ ራሱ ወርዶ በሩን ከፈተለትና ክንዱን ያዘው።

ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከደጁ ቆመዋል። ደምለው ከአፈሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሰዎች ደግፈው አስገቡት።

ልጅቱ የሞተችው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ቀብሩን ለእሱ ሲሉ አቆይተው ነበርና ወዲያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷት። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ደምለው እጁን እያየ ነበር የቆመ። በጥፍሮቹ ሥር የምንጩ ጥቁር አፈር ነበረበት።

በለጠች ለአምስት ቀን አላናገረችውም። በስድስተኛው ቀን ሰው ሲቀልል፣ ፊቱን ሳታይ የመጨረሻውን ሰዓት ነገረችው። የትናየት በነጋ ጊዜ ጓሮ አውጪኝ ብላ ነበር። ተሸክማ አውጥታ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት፣ ከኋላዋም በጉልበቷ ደገፈቻት። ልጅቱ ከረጢቶቹን ከቀጤማዎቹ ላይ እንድትገልጥላት ነገረቻት፤ ገለጠች። ከዚያ ደርሶ ይሆን? ብላ ጠየቀቻት።

"አዎ ደርሷል አልኋት" አለች በለጠች። "ሳላውቅ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። አንተ ሣር ስትተክል እኔ ብቻዬን አቅፌያት ነበር፤ ይኼን እወቅልኝ።"

ደምለው አውቄያለሁ አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ እሱ ወደ ጓሮ ሳይወጣ፣ እሷ ስለ ጓሮው ሳታነሣበት ሰነበቱ። ከሥራ መሰናበቱን የሚገልጸው ቃል የመጣለት በዚሁ መሐል ነው፤ ለበለጠች ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች።

አርባዋ በወጣ ማግስት አንዲት ባልቴት መቋሚያ ይዘው ከደጃቸው ቆሙ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ለብሷል። ደምለው በዓይኑ ሳይሆን በጉሮሮአቸው ሳል ለያቸው፤ በዚያ ብርድ ሌሊት የሰማው ሳል ነበር። ማንጠግቦሽ ናቸው። ከጃናሞራ በእግራቸው ነው የመጡ፤ የሚጫኑት አህያ የላቸውምና።

ወጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ነቃዩ እሱ መሆኑን፣ እያወቀ ዝም ማለቱን፣ ሌሊቱን ሲያቃስቱ መስማቱን አንድ በአንድ ተናገረ፤ ይቅር እንዲሉትም ለመናቸው። ባልቴቲቱ አላቋረጡትም። ሲጨርስ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ።

"እሱን ሰምቻለሁ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "አህያዬ የልጅ ያህል ነበረች፤ ያኖረችኝ እሷ ናት። ይቅር ማለቱ ሌላ ቀን ይሁን፤ ከሆነልኝ። እኔ ዛሬ ለልቅሶ ነው የመጣሁ። ልጅቱ ስለኔ ብላ አንተን ወደ ኬላው መስደዷን ሻረው የሚባለው ልጅ ነግሮኛል። የማላውቃት ልጅ ናት። ሳላለቅስላት ብቀር ይከብደኛል።"

ደምለው ተነሥቶ ውሃና መታጠቢያ ሳፋ አመጣ። የመንገደኛ እግር ሊያጥብ ጎንበስ ሲል ማንጠግቦሽ እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

"እሱን ተወው" አሉት።

በለጠች ከውስጥ ድምፃቸውን ሰምታ ወጣች። ማን እንደሆኑ የነገራት አልነበረም፤ የሰማችው ይበቃት ነበር። እጃቸውን ይዛ አስገባችና ከመደቡ ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና የልጅቱ ስም ማን እንደነበር ጠየቁ። በለጠች ነገረቻቸው። በገጠሩ ዜማ፣ ረጋ ብለው፣ ስሟን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ፤ በለጠችም እስከዚያ ቀን በሰው ፊት አውጥታ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ከእሳቸው ጋራ አለቀሰች።

ደምለው ሳፋውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ ውስጥ ግባ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሂድ ያለውም የለም።